«ብላው» ያለው ሰው

ጎንደር ገና የነገሥታት መቀመጫ ሳለች፣ ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ጓሯቸው የተያያዘ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው በአንድ ትልቅ መኰንን ቤት አጋፋሪ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው። ሲሞት ሁለት ነገር ትቶላቸው ሞተ። አንደኛው መካከሉ ላይ የወሰን ድንጋይ የተተከለበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ጌታው የሸለመው፣ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ሰንጠረዥ ነው። ቦታውን ከመሞቱ በፊት ራሱ አካፍሏቸዋል። ሰንጠረዡ ግን ተከፍሎ የሚሆን ነገር አይደለምና በአካባቢው ለተከበሩ አንድ ሽማግሌ አደራ ሰጠ፤ «ሁለቱ አብረው ሲመጡ እንጂ ለብቻ ለመጣ አይስጡ» አላቸው።

የአባትየው ተዝካር ወጣ፤ አንድ ክረምት አለፈ። በመስከረም አንድ ጧት ታናሽየው ወደ ጓሮው ሲወጣ የወሰኑ ድንጋይ አንድ ክንድ ያህል ወደ እሱ ገብቶ አገኘው። ምንም አልተናገረም። በሳምንቱ ደግሞ ድንጋዩ ሁለት ክንድ ወደ ታላቅየው ገብቶ አደረ። እሱም ምንም አልተናገረም። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ድንጋይ በየሌሊቱ ሲመላለስ ከረመና፣ ዱሮ የት እንደነበረ እንኳ ምልክቱ ጠፋ፤ መሬቱ ሁሉ የተቆፈረና የተደለደለ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው መናገር የጀመሩት፤ ሲጀምሩ ግን በሸንጎ ፊት ነበር። በላ ልበልሃ ተባባሉ። እማኝ ቆጠሩ፣ ዋስ ጠሩ። በጠበቃና በመማለጃ ያወጡት አሞሌ ቢሰላ ያንን ቦታ ሁለት ጊዜ በገዛ ነበር። ሚስቶቻቸው እሳት መጫጫር ተዉ። ታናሽየው ከልጅነቱ ጀምሮ «ጋሼ» ሲለው የኖረውን ወንድሙን «ያ ሰውዬ» ማለት ጀመረ።

በመጨረሻ ዳኛው ሰለቻቸውና ጉዳዩን ወደ ሽማግሌው መለሱት። ሽማግሌው የሁለቱንም ክርክር ከጃንተከል ዋርካ ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም እንዲህ አሉ፤

«እኔ ፍርድ አልሰጥም። አባታችሁ አደራ ያለኝ ዕቃ አለ። አብራችሁ ስትመጡ ልሰጣችሁ ነበር፤ ለጠብም ቢሆን ይኸው አብራችሁ መጣችሁ። ቅዳሜ እዚሁ ተጫወቱ። ያሸነፈ ድንጋዩን ባሻው ቦታ ይትከል፤ የተሸነፈ ዝም ይበል።»

ሁለቱም እሺ አሉ፤ ዋስ ጠሩ። ወሬው አራዳን አዳረሰ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። በማለዳ ዋርካው ሥር ቦታ ጠፋ። እህል ሻጩ አህያውን ሳያራግፍ መጣ፤ ማር ነጋዴው ማድጋውን ለሰው አስጠብቆ መጣ። ሽማግሌው ቀዩን ጨርቅ በአጎዛ ላይ ዘረጉት። የአገራችን ሰንጠረዥ እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። በቀይ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያለ ጥለት በቁመትና በወርድ ይሰፋበትና ስድሳ አራት ቤት ይወጣዋል። ከወዲህ አሥራ ስድስት፣ ከወዲያ አሥራ ስድስት ይሰለፋል። ንጉሡ ከመካከል ይቆማል፤ በግራው ፈርዝ ይቆማል። ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ከዳር እስከ ዳር የምትጋልብ አይደለም፤ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ የሚራመድ አማካሪ ነው። ዝሆኑ ፊል ይባላል፤ እሱም በማዕዘን አንድ ቤት ይዘልና ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ፈረሱ ዛሬም እንደምናውቀው ይዘላል። ደር ቀጥ ብሎ ይነዳል። ከፊታቸው ስምንት ስምንት መደቅ ይደረደራል፤ መደቅ እግረኛው ነው፤ ከመጀመሪያውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም።

ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፍጥነታቸውና እንደ ፍላጎታቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ሠራዊቱን ያሰልፋል። አንዱ አሥር ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አራት ጊዜ ብቻ ቢያንቀሳቅስ «አጭበረበርክ» የሚል የለም። ያወጣውን ፈረስ መልሶ ቢያስገባ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ጎበዝ ተጫዋች የሚታወቀው የጠላቱን አሰላለፍ አይቶ የራሱን በማፍረሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚቆየው እስከ አንዲት ነገር ድረስ ነው። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን አንድ መደቅ እንኳ በበላ ጊዜ ወረራው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በተራ ነው፤ እጅ የለቀቀው ነገር አይመለስም።

«ጀምሩ» አሉ ሽማግሌው።

ታላቅየው ዳርና ዳር ያሉትን መደቆቹን አንድ ቤት፣ ደግሞ አንድ ቤት እየገፋ አጥር ሠራ። ታናሽየው በችኮላ ሁለቱንም ፈረሶቹን አወጣ። ቀና ብሎ ሲያይ ፈረሶቹ የሚገቡበት ቀዳዳ የለም፤ አንዱን መለሰው። ታላቅየው የፈረሱን መመለስ ባየ ጊዜ ከአጥሩ አንድ መደቅ ገፋ አድርጎ ፊሉን አዘለለ። ታናሽየው ፊሉ የሚያርፍበትን ቤት አስቀድሞ ዘጋ። ታላቅየው ፊሉን መለሰው። እጆቻቸው በጨርቁ ላይ ይተላለፋሉ፤ አንድ ጊዜም ተጋጩ። አባታቸው ከተቀበረ ወዲህ እጃቸው ሲነካካ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ለአንድ አፍታ ቆም አሉ፤ ከዚያ እንደገና ቀጠሉ።

መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ወገን ነበር። ጥላው ወደ ዋርካው ግንድ እየቀረበ ሲሄድ ዓይናቸው ወደ ማዶ ዞረ። ታናሽየው የታላቁን እጅ ገና ከጉልበቱ ሲነሣ ያውቀዋል፤ «አሁን ደሩን ሊስብ ነው» ይላል በልቡ፤ እውነትም ደሩን ይስባል። ታላቅየውም ታናሹ ከንፈሩን ሲነክስ ፈረስ ሊመልስ እንደሆነ ያውቃል፤ በልጅነታቸው ገበጣ ሲጫወቱም እንዲሁ ነበር። ሲያሰልፉ፣ ሲያፈርሱ፣ እንደገና ሲያሰልፉ ቀትር ሆነ። አንድም አልተበላም። ሁለቱ ሠራዊቶች እንደ ቁልፍና እንደ ጋን ሆነው ገጠሙ፤ ይህ ቢነቃነቅ ያ ይነቃነቃል።

ተመልካቹ ግን ሰለቸው። እህል ሻጩ ገበያ እያለፈበት ነው። «ምን ይጠብቃሉ?» አለ አንዱ። «ሴት ናቸው እንዴ?» አለ ሌላው። ከጀርባ፣ ከሰው መካከል፣ ፊቱ ያልታየ አንድ ሰው፦

«ብላው!»

ሌላው ተቀበለው። «ብላው እንጂ! ይኸው አፍህ ላይ አይደለም!» ዋርካው ሥር የነበረ ሁሉ «ብላው! ብላው!» አለ። ታናሽየው ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ። ፈረሱን አነሣና የታላቁን አንዲት መደቅ በላ።

ሰዉ እልል አለ። ሽማግሌው ብቻ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው «ወረራው አለቀ፤ ከእንግዲህ በተራ ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ የሚወራ አይደለም። መደቋን የበላውን ፈረስ ፊል በላው። ፊሉን ደር በላው። ደሩን የሚጠብቀው ደር መጥቶ በላው። እንደ ቁልፍና እንደ ጋን የገጠመው ሁሉ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተናደ ሄደ። ጧቱን ሙሉ ተሠርቶ የነበረው በአንድ እንጀራ ጋግሮ ማውጫ ጊዜ ውስጥ ከጨርቁ ውጪ ተከመረ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታናሽየው ከንጉሡ ሌላ የቀረው አንድ ደር ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። ከንጉሡ ጋር አንድ ብቻ የቀረው ሰው፣ ያ የቀረው ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ ካልተያዘ ጨዋታው አሸናፊ የለውም። አሸናፊ ለመባልም ማሸነፊያው ይመረጣል፤ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ሙያ አይባልም፤ በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል፤ በመደቅ የያዘ ግን ስሙ ይነሣል። ታላቅየው በመደቅ ሊይዘው ፈለገ። ዋርካው ሥር ያለው ሰው ይቆጥራል፤ «አንድ… ሁለት…»። አምስት ላይ ከጎሃ በኩል ደመና መጣ። ስድስት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሰባት ሲባል ለመቁጠር የቀረ ሰው አልነበረም፤ እህል ሻጩ አህያውን፣ ማር ነጋዴው ማድጋውን ይዞ ሮጧል። ንጉሡ አልተያዘም። አሸናፊ የለም።

ሦስቱ ሰዎች ዋርካው ሥር ብቻቸውን ቀሩ።

ሽማግሌው ታናሽየውን ጠየቁት፤ «ብላው ያለህ ማን ነው?»

ታናሽየው ዞሮ አየ። ከኋላው የነበረው ቦታ ጭቃና የተረገጠ ሣር ነው። «አላወቅሁትም፣ አባቴ» አለ።

«እንግዲያው የተበላውን ሰብስቡ።»

ሰበሰቡ። ጨርቁንም አደረቁት። ሽማግሌው እንዲህ አሉ፤ «ወረራው ባለቀባት ሰዓት፣ ያቺ መደቅ ከመበላቷ በፊት፣ ጨርቁ ላይ የነበረውን እንደነበረ አድርጋችሁ ሥሩልኝ። ነገር ግን አንተ የወንድምህን አሰልፍ፤ አንተም የወንድምህን።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ከዚያ ታላቅየው የታናሹን ፈረስ አነሣና ሳያመነታ በቦታው አስቀመጠ። ታናሽየው የታላቁን የመደቅ አጥር አንድ በአንድ ሠራ፤ ፊሉን አቆመ፤ ደሩን ከጥጉ አወጣ። አንዱ ሌላውን አላረመም። ስለ አንዲት ድንጋይ ሁለት ዓመት የተከራከሩ ሰዎች ስለ ሠላሳ ሁለቱ አንድ ቃል አልተከራከሩም፤ ጧቱን ሙሉ ያዩት አንዱ የሌላውን ነበርና።

የጎደለው አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተበላችው መደቅ የለችም። ገበያተኛው ሲሮጥ ረግጧታል ወይ አንድ ሕፃን አንሥቷታል፤ በጭቃው ውስጥ እስኪመሽ ፈለጓት፣ አላገኟትም። ሽማግሌው ከመሬት አንድ ጠጠር አንሥተው በቦታዋ አኖሩ።

«አሁን» አሉ፣ «አባታችሁ በሞተ ቀን የወንድምህ ድርሻ እስከ የት ነበር?»

ሁለቱም ጨርቁን እያዩ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«እስከ ወይራዋ፣ ጋሼ» አለ ታናሽየው፤ ለሽማግሌው ሳይሆን ለወንድሙ ነበር የተናገረው።

«እስከ ወይራዋ» አለ ታላቅየው።

ድንጋዩን በማግስቱ አብረው ተሸክመው ተከሉት። ሰንጠረዡንም እየተቀባበሉ እስኪያረጁ ተጫወቱበት፤ ከስምንቱ መደቅ አንዱ ጠጠር እንደሆነ ቀረ።

ይህ ምሳሌ ነው። ወንድማማቾቹንም ሽማግሌውንም አራዳ ውስጥ ጠይቃችሁ አታገኟቸውም። ጨዋታው ግን እውነት ነው። በአገራችን መኳንንት ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጫወቱት ኖረዋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግሬው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል፤ እቴጌ ጣይቱም በሰንጠረዥ ችሎታቸው የታወቁ ነበሩ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን አሰባስቦ ጽፎልናል። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው የቁጥር መደርደሪያውን ነው፤ ጨዋታውን የጣልያን ወረራ ካለፈ ወዲህ ቼዙ ተክቶታል። ልጆቻችን የሚማሩት ቼዝ ደግሞ አከፋፈቱ በተራ ነው፤ ነጭ ይጀምራል፣ ጥቁር ይመልሳል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት እርምጃዎች በመጽሐፍ ተጽፈው፣ ስም ወጥቶላቸው ይጠናሉ። በእኛው ሰንጠረዥ ይህ አይቻልም። ተራ የሌለውን ነገር በቃል ማጥናት አይሆንም። የሚጠናው ማዶ ያለው ሰው እጅ ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ስሙ ነው። ወረራ! ዛሬ ይህን ቃል የሰማ ሰው የሚታየው የተቃጠለ ቤትና የተሰደደ ሕዝብ ነው። በሰንጠረዥ ግን ወረራ ማለት ማንም የማይሞትባት ብቸኛዋ ክፍል ናት። ሠራዊት ይሰለፋል፣ ይገፋፋል፣ ያስፈራራል፤ ይህን ሁሉ እያደረገ ግን ያወጣውን መመለስ ይችላል፤ የመለሰም ፈሪ አይባልም። ብልሃት ያለው እዚያ ነው። ከመጀመሪያዋ መብል በኋላ ያለውን ግማሽ ያህሉን ሒሳብ ይሠራዋል፤ የበላ ይበላል።

የእኛ ኑሮ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። የወሰን ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የአገርም ጠብ ቢሆን አንድ የወረራ ዘመን አለው። ቃል ይወረወራል፣ ኩርፊያ ይበረታል፣ ድንጋዩ በሌሊት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ያ ጊዜ ክፉ ይመስላል፤ ሲያልፍ ነው ደግ እንደነበረ የሚታወቀው፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ እጅን መመለስ ይቻል ነበር። በጎንደር ደጋ ገጠር ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌ ለማስታረቅ ስንት ዓመት እንደሚለፋ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። እርቁ ይወርዳል፤ የደም ካሳው ይከፈላል፤ የሞተው ልጅ ቦታ ግን ጠጠር ነው።

«ብላው» የሚለውን ሰው ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዱሮ ከዋርካው ሥር ከሰው ጀርባ ይቆም ነበር፤ ዛሬ ስልክ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ ነው። ድምፁ ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን የለም። እስከ ሰባት ድረስ የሚቆጥር የለም፤ በጭቃው ውስጥ የጠፋችውን መደቅ የሚፈልጉት ሁልጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። የልጆቻችን ዕድሜ የሚነገድበት ነገር አይደለምና ይህን ስናገር ከልቤ ነው፦ «ብላው» የሚለው ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዞሮ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ከመብላት በፊት።

ለዚህም ከታሪክ አንድ ሰው ላንሳ። ስለ ወረራው ሕግ ለውጪው ዓለም ካስረዱት አንዱ ዋልተር ፕላውደን ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በአገራችን ኖሯል፤ ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል፤ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ሆኗል። ከመኳንንቱ ጋር እየተቀመጠ ሰንጠረዣቸውን አይቷል፤ ተራ የሌለውን አከፋፈት፣ እስከ መጀመሪያዋ መብል ድረስ ያለውን ነፃነት መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1860 መጀመሪያ ላይ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሊሄድ ጎንደር አጠገብ ሲደርስ፣ የንጉሡ ዘመድ ሆኖ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች አገኙትና አቆሰሉት፤ ጎንደር ገብቶ ሞተ።

ያች የመጀመሪያዋ መብል ነበረች። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ደምን ለመመለስ ወደ ሰሜን ወጡ፤ ደባርቅ አካባቢ ገጠሙ። ጋረድ ወደቀ። የቴዎድሮስ የልብ ወዳጅ የነበረው ሌላው እንግሊዛዊ፣ ጆን ቤል፣ እዚያው ወደቀ። ከዚያም ከተማረኩት የጋረድ ተከታዮች ብዙዎቹ ተገደሉ። ደሩን ደር በላው፤ ፈረሱን ፊል በላው። ንጉሡ ሁለቱን ምክር የሚሰጧቸውን ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ አጡ፤ ከእንግሊዝ ጋር የነበራቸው ነገርም ከዚያ ወዲያ እየተበላሸ ሄዶ በመቅደላ አለቀ። ቤልና ፕላውደን ቢኖሩ መቅደላ ባልሆነ ነበር ማለት አይቻልም፤ ያንን ማንም አያውቅም። በጨርቁ ላይ ቦታቸው ባዶ እንደነበረ ግን የታወቀ ነው።

ፕላውደን የጻፈው ወረቀት በሕይወት ሳለ አልታተመም። መጽሐፍ ሆኖ ለንደን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉበት ዓመት ነው። ስለ ሰንጠረዡና ስለ ወረራው የጻፈው እዚያ ውስጥ ይገኛል። ወረቀቶቹን ሰብስቦ፣ አስተካክሎ ለኅትመት ያበቃው ወንድሙ ነበር።